ያገለገለ የቤተሰብ መኪና፦ ገበያው ዋጋ የማይሰጠው ነገር

አዲስ አበባ ውስጥ የሚወጡ የመኪና ማስታወቂያዎች አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። «ንክኪ የሌላት፣ በሴት የተያዘች፣ ብዙ ያልተነዳች፣ ነዳጅ ቆጣቢ።» ደላላው ጋ ሲደወል ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፦ «ወንድሜ፣ ይቺን ገዝተህ ነገ ብትሸጣት አትከስርም።»

ስንት ኤርባግ እንዳላት የሚጽፍ የለም። ኤቢኤስ ፍሬን (ድንገት ሲረገጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) አላት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ገዢም ጥቂት ነው። የኋላ ወንበሯ መሃል ቀበቶ ስለመኖሩማ ማን ያነሳል? መኪና እኛ ዘንድ የሚገዛው እንደ ወርቅ ነው። የብር አቅም ሲወርድ የቪትዝ ዋጋ ይወጣል። ስለዚህ ገበያው መኪናን የሚተምነው «ነገ በስንት ትሸጣለች?» ብሎ ነው።

ለነጋዴ ጥሩ ስሌት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያመላልስ፣ ለበዓል ደግሞ ደብረ ብርሃን ወይም ሐዋሳ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙውን ገንዘብ የሚከፍለው ለስም ነው። ሕይወት የሚያተርፈው ዕቃ ግን ዋጋ አልወጣለትም። አንዷ ያሪስ ሁለት ኤርባግ፣ ሌላዋ ስድስት ኖሯት በተመሳሳይ ዋጋ ሊሸጡ ይችላሉ። ሻጩ ራሱ ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል። የሚያውቅ ገዢ የሚጠቀመው እዚህ ላይ ነው።

ዋጋው እዚህ የደረሰው በአንድ ቀን አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያረጀ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። ዕድሜዋ በገፋ መኪና ላይ የሚጣለው ኤክሳይዝ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ሐሳቡ ጢስ የሚተፉ አሮጌዎች እንዳይገቡ ነበር፤ ክፋት የለውም። ቀድመው የገቡት አሮጌዎች ግን ዋጋቸው ጣሪያ ነካ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ዘለለ። ቤንዚንም ዝም አላለም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሊትሩ 48 ብር ገደማ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ጥር ከ100 ብር አለፈ፤ ከዚያም በኋላ መጨመሩን ቀጠለ።

እንግዲህ ዛሬ የቤንዚን መኪና የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው አገር ውስጥ ካለው ክምችት ነው። ክምችቱ ብዙም አይታደስም፣ በየዓመቱ ግን ያረጃል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የነዳጅ ቁጠባው በወረቀት ላይ ሲሰላ

«በሊትር ስንት ትሄዳለች?» የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ከዋጋው ጋር አብሮ አይሰላም።

አንዲት ቪትዝ በከተማ መጨናነቅ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ሄደች እንበል። በዕድሜ የምታንስ ባለ 1.4 ሊትር ሞተር ሀዩንዳይ አክሰንት ወይም ኪያ ሪዮ ደግሞ 10 ሄደች እንበል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የመጀመሪያዋ 83 ሊትር፣ ሁለተኛዋ 100 ሊትር ትጠጣለች። ልዩነቱ 17 ሊትር ነው። ሊትሩን በ130 ብር ብናስበው በወር 2,200 ብር ገደማ፣ በዓመት 26,000 ብር አካባቢ ይሆናል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ቪትዟ በ«ነዳጅ ቆጣቢ»ነቷና በቶዮታነቷ ብቻ 300,000 ብር በልጣ ከተጠየቀች፣ ያንን ልዩነት በነዳጅ ለመመለስ ከ11 ዓመት በላይ መንዳት ያስፈልጋል። እስከዚያ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ።

«ስሸጣት ብሬን መልሼ አገኘዋለሁ» የሚል ሰው ስህተት አለው አልልም። እውነቱን ነው። መኪናዋን በሁለት ዓመት ውስጥ ሊቀይር ካሰበ ቪትዟን ይግዛ። ሰባት ስምንት ዓመት ሊይዛት ያሰበ ግን ያንን 300,000 ብር የጠበቀ ይዞታ፣ አራት አዲስ ጎማና ጥሩ ፍሬን ላይ ቢያውለው ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሌላው የሚረሳ ነገር ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ሦስት ሲሊንደር ያላት የ1.0 ቪትዝ ሞተር በወረቀት ላይ 71 የፈረስ ጉልበት አላት። እዚህ 55 አካባቢ ቀራት ማለት ነው። ለአንድ ሰው የከተማ ሥራ ይበቃታል። አምስት ሰው፣ ሻንጣና የበዓል በግ ጭና ከዓባይ በረሃ ስትወጣ ግን ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠው ነው የሚነዷት። ያኔ የቁጠባው ወሬ አበቃ። ከዚያም የባሰ ነገር አለ፤ በሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ሲኖትራክ ለመቅደም ሲወጡ ጉልበት ካጠራት የሚቆዩት በተቃራኒው መስመር ላይ ነው። ለዚህ ነው ለቤተሰብ ከ1.0 ይልቅ 1.3 የሚሻለው የምለው። በከተማ የነዳጅ ልዩነታቸው ጥቂት ነው፣ በገጠር መንገድ ላይ አንዳንዴ ጭራሽ የለም።

ደግሞ ነዳጅ የምትበላው መኪና ሞተሯ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እኛ ጋ ብዙ መካኒክ መኪና ስትሞቅ መጀመሪያ የሚያደርገው የሞተሩን ሙቀት የሚያስተካክለውን ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። ሙቀቱ ለጊዜው ይቀንሳል። ሞተሩ ግን ቶሎ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል። ይህንን ለማወቅ መካኒክ አያስፈልግም። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩት ቪትዝና ያሪስ ዳሽቦርዳቸው ላይ ሰማያዊ የቴርሞሜትር ምልክት አላቸው። ጠዋት ሲነሳ ይበራል፤ ጥቂት ደቂቃ እንደተነዳ መጥፋት አለበት። ሩብ ሰዓት ተነድታም ሰማያዊው ካልጠፋ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ተመልሶ ከበራ፣ ቴርሞስታቱ የለም ወይም ተበላሽቷል። ቢጫው የሞተር መብራትም እንዲሁ ነው። «ሴንሰር ነው፣ ምንም አይደለም» ይባላል። ያ ሴንሰር የኦክስጅን ሴንሰር ከሆነ የነዳጅና የአየር መጠኑን የሚያስተካክለው እሱ ነው። ምንም አይደለም የተባለው ነገር በየወሩ ማደያ ላይ ይከፈላል።

መሪዋ የዞረች መኪና

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቪትዝ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ የጃፓን ገበያ ስም ነበር። ያችው መኪና ወደ ሌላ አገር ስትላክ በአብዛኛው ያሪስ ትባል ነበር። ጃፓን በግራ በኩል ይነዳል፤ መሪው በቀኝ ነው። እኛ በቀኝ እንነዳለን፤ መሪያችን በግራ ነው። እንግዲህ እውነተኛዋ የጃፓን ቪትዝ መንገዳችን ላይ በግራ መሪ ከታየች አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ መሪዋን አዙሮታል ማለት ነው። እዚህ አገር ቪትዝ የሚባሉት ሁሉ ግን እንደዚያ አይደሉም። ከፋብሪካ በግራ መሪ የወጡ ያሪሶችም በልማድ ቪትዝ ይባላሉ። ሁለቱን መለየት የገዢው ሥራ ነው።

መለያው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ሊብሬው ላይ አለ፤ መኪናዋ ላይም ተመትቷል፤ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ቁጥሩ ረጅም፣ ባለ 17 ፊደልና አኃዝ ሆኖ በ«ጄቲ» ከጀመረ ጃፓን ለውጭ ገበያ የተሠራች ናት። በ«ቪኤንኬ» ከጀመረ ፈረንሳይ የተሠራች ያሪስ ናት። አጭር ሆኖ እንደ «ኤስሲፒ10» ወይም «ኬኤስፒ90» ካለ በኋላ ሰረዝና ሰባት አኃዝ ከተከተለው ግን ለጃፓን ሰው የተሠራች ናት። መሪዋ ተነቅሎ ተዛውሯል።

ተዛወረ ማለት ምን ማለት ነው? ዳሽቦርዱ ተቆርጧል ወይም ተቀይሯል። የመሪው ዘንግ፣ የፍሬን ፔዳሉና የኤሌክትሪክ መስመሩ ቦታ ቀይረዋል። ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ መኪናዋ ዓመታት ታገለግላለች። ብዙዎች እንዲህ ሆነው እየሄዱ ነው። ኤርባጉ ግን ከዚህ ሥራ በኋላ ስለመሥራቱ ዋስትና የሚሰጥ የለም። የጋቢናው ኤርባግ የነበረበት ቦታ ባዶ ክዳን ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የፊት መብራቱንም ይመልከቱ። በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት ዝቅ ሲል የሚያበራው ወደ ግራው ጠርዝ ነው። እኛ ጋ በግራችን የሚመጣው ሌላ መኪና ነው። ማታ ማታ ዓይናችንን የሚያጠፉት ሁሉ ረጅም መብራት የሚያበሩ ባለጌዎች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ መብራታቸው ሳይቀየር የቀረ መኪኖች ናቸው። ምሽት ላይ መኪናዋን ግድግዳ ፊት አቁመው አጭር መብራቱን ያብሩ። የብርሃኑ ጠርዝ በየትኛው ጎን ከፍ እንደሚል ይታያል። በስተቀኝ መሆን አለበት። የመስታወት መጥረጊያውም ይናገራል። ክረምት ላይ ከሹፌሩ ፊት ያለው የላይኛው ጥግ ሳይጠረግ ከቀረ መጥረጊያው አሁንም የሚሠራው በቀኝ ለተቀመጠ ሰው ነው።

እንዲህ ያለችውን መኪና አይግዙ አልልም። በጀቱ የፈቀደው እሷን ብቻ ከሆነ ግን ዋጋዋ በግራ መሪ ከተወለደችው ጋር እኩል መሆን የለበትም። ሻጩ «ልዩነት የለውም» ይላል። አለው።

ቀይዋ መብራት

ኤርባግ መኖሩን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ቁልፉን ያዙሩ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ዳሽቦርዱን ይመልከቱ። ኳስ ከፊቱ የያዘ የተቀመጠ ሰው ምልክት ያለው መብራት በርቶ ጥቂት ሰከንድ ይቆይና ይጠፋል። ትክክሉ ይህ ነው። በርቶ ከቀረ ሲስተሙ ችግር አለበት። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ይበልጥ ይጠርጥሩ። አምፖሉ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲነሳ ከዘይት መብራቱ ጋር አብሮ ከጠፋ ደግሞ መስመሩ ከዚያ ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። ኤርባጉ የፈነዳባት መኪና አዲስ ኤርባግ ከማስገባት ይልቅ መሪው ላይ ክዳን አልብሶ መሸጥ ይረክሳል። ይህንን የሚያደርግ ሰው መብራቱንም አይረሳውም። የኤቢኤስ መብራትም በዚያው ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት።

ቀበቶዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ እስከ መጨረሻቸው ይሳቡ። ሥራቸው አካባቢ ብዙ ጊዜ የተሠሩበት ቀን ያለው ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶባቸዋል። መኪናዋ የ2007 እ.ኤ.አ. ሆና የሹፌሩ ቀበቶ የ2012 ከሆነ ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ። በግጭት ጊዜ የሚቆለፍ ቀበቶ ከዚያ በኋላ ስለሚቀየር ነው። የመስታወቶቹ ጥግ ላይ ያለው ማኅተምም እንዲሁ ዓመት ይናገራል። አንዱ ከሌሎቹ ከተለየ ተሰብሯል ማለት ነው። ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ግጭትም ሊሆን ይችላል።

የታካታን ነገር የሰማ ብዙ አይመስለኝም። ታካታ የጃፓን የኤርባግ አምራች ነበር። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ይበላሻል፤ ያኔ ሲፈነዳ የብረት ቤቱን እየሰነጠቀ ስብርባሪ ወደ ሹፌሩ ይረጫል። በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ ኤርባጎች እንዲቀየሩ ጥሪ ተደርጓል። ኩባንያው በ2017 እ.ኤ.አ. ለኪሳራ ጥበቃ አመለከተ። ጥሪው እኛ ጋ በብዛት ያሉትን የዚያን ዘመን ኮሮላና ያሪስንም ይነካል። ዱባይ ወይም ሻርጃ ሙቀት ውስጥ ዓመታት ቆይታ የመጣች መኪና ላይ ይህ ጥያቄ የቅንጦት አይደለም። መኪናዋ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ከሆነ አሜሪካ ያለ ዘመድ የሻንሲ ቁጥሩን የአገሪቱ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ በነጻ ያየዋል። እግረ መንገዱንም የአደጋ ታሪኳን ይፈትሽ፤ ከአሜሪካ በባሕረ ሰላጤው በኩል የሚመጡ መኪኖች ውስጥ ኢንሹራንስ «አትጠገንም» ብሎ በጨረታ የሸጣቸው አሉ። ለሌላው ገበያ የተሠሩ ቶዮታዎችን የአገር ውስጥ ወኪሉን ሞኤንኮን በሻንሲ ቁጥር መጠየቅ ነው።

ስሟ አንድ፣ ሥራዋ ሌላ

«ያሪስ አምስት ኮከብ ናት» የሚል ሰው ያጋጥማል። ልክ ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የአውሮፓው የግጭት ምርመራ ለአዲሷ ያሪስ አምስት ኮከብ ሰጥቷል። ከሷ በፊት የነበረችውም አራት አግኝታለች። ግን የተጋጨችው ለአውሮፓ ገዢ የተሰናዳች ያሪስ ናት። ለባሕረ ሰላጤው በርካሽ የተሸጠችው ሁሉ ያንኑ ያህል ኤርባግ የላትም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ያሳየው የ2014 እ.ኤ.አ. የሕንድ መኪኖች ምርመራ ነው። ግሎባል ኤንካፕ የሚባለው ተቋም ኤርባግ የሌላትን ቮልስዋገን ፖሎ አጋጭቶ ዜሮ ሰጣት። ሁለት ኤርባግ ያላትን ያችኑ ፖሎ አጋጭቶ አራት ኮከብ ሰጣት። ቅርጿ አንድ፣ ስሟ አንድ ነው። በዚያው ምርመራ ሱዙኪ አልቶ 800 እና ሀዩንዳይ አይ10 ያለ ኤርባግ ዜሮ አግኝተዋል። እኛ ከተማ ውስጥ በራይድ ሥራ የምናውቃት የዲዛየር እኅት ስዊፍት ደግሞ ሁለት ኤርባግ ኖሯት በ2018 እ.ኤ.አ. ያገኘችው ሁለት ኮከብ ነው። አዲሱ ዲዛየር በ2024 እ.ኤ.አ. አምስት ኮከብ አገኘ። ስለዚህ «ዲዛየር እንዴት ናት?» ከማለት የትኛው ዓመት፣ ለየትኛው ገበያ፣ ስንት ኤርባግ ብሎ መጠየቅ ነው።

የኋላ ወንበር

ቤተሰብ የሚቀመጠው ከኋላ ነው። መኪና ስንገዛ ግን ሁላችንም መሪው ላይ ተቀምጠን፣ ሬዲዮ ከፍተን፣ ጥሩምባ ሞክረን እንወርዳለን።

ከኋላ ይግቡ። ሦስት ቀበቶ አለ? መሃለኛው ሆድ ላይ ብቻ የሚታሰር ነው ወይስ ትከሻንም ይይዛል? የቀበቶው መቆለፊያ ወጥቶ ይታያል? ወንበሩ ቆዳ በተቀየረላቸው መኪኖች መቆለፊያው ከሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ «ማን ከኋላ ቀበቶ ያደርጋል» ተብሎ ማለት ነው። የወንበር ልብስ ሌላም ጣጣ አለው። አንዳንድ መኪና የጎን ኤርባጉ የፊት ወንበሩ መደገፊያ ውስጥ ነው፤ ጎኑ ላይ የኤርባግ ምልክት ያለው ትንሽ ጨርቅ ይታያል። በዚያ ላይ ጥብቅ ቆዳ ከተሰፋበት በሚያስፈልግበት ሰከንድ አይወጣም። ያማረ የቆዳ ወንበር ሲያዩ ደስ ከማለት በፊት ይህንን ያስቡ።

የወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ በሚገናኙበት ስንጥቅ ጣትዎን ይስደዱ። ሁለት የብረት ቀለበቶች ከተገኙ የልጅ ወንበር መያዣ ናቸው። ጥሩ ምልክት ነው። ልጅን ጋቢና ታቅፎ መጓዝ እኛ ጋ የፍቅር ምልክት ተደርጎ ይታያል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄድ መኪና ተጋጭታ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ከቆመች 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእናቱ ክንድ ላይ 140 ኪሎ ያህል ሆኖ ይስባል። የትኛዋም እናት አትይዘውም። የጋቢናው ኤርባግ ካለ ደግሞ የሚፈነዳው በሕፃኑ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚገባ የታሰረ የልጅ ወንበር የሕፃናትን ሞት ቢያንስ በ60 በመቶ እንደሚቀንስ ይናገራል። ያንን የሚያህል ኤርባግ የትም የለም። ከዱባይ ለሚመጣ ዘመድ ሽቶ ከማዘዝ የልጅ ወንበር ማዘዝ ነው።

ማየትና መፈረም

ሌላው የታወቀ ነው፣ ቶሎ ልለፈው። መኪናዋን ሞተሯ ሳይነሳ በጠዋት ይዩ። ሻጩ «አሙቄ ልጠብቅህ» ካለ ለምን ይበሉት። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየበላች ነው። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው፣ ወጪው ከባድ ነው። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው ቦዲው ላይ ይሞክሩ፤ ያልያዘበት ቦታ ሥሩ ስቱኮ ሊሆን ይችላል። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ መስሎ አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ አዳማ መንገድ ላይ ይፈነዳል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይመኑት። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ቆጣሪው 70,000 ቢል ማን እንደሚዋሽ ግልጽ ነው።

ሻጩ ያመጣው መካኒክ የሻጩ መካኒክ ነው። የራስዎን ይዘው ይሂዱ፣ ከሽያጩ ኮሚሽን ሳይሆን የቀን ዋጋውን ይክፈሉት።

በወረቀቱ በኩል፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ራሱ ይምጣ። በውክልና ላይ ውክልና የተደረበበትን ሽያጭ ይሽሹ። ዕዳና እገዳ መኖሩን፣ ከቀረጥ ነጻ የገባች መሆኗን መንገድ ትራንስፖርት ሄደው ሳያጣሩ ቀብድ አይስጡ።

የኤሌክትሪኳስ?

«ለምን በኤሌክትሪክ አትገላገልም?» የሚለው ምክር አሁን በየቡና ቤቱ አለ። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አድርጎ ተገጣጥመው የሚገቡት ላይ 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈል ካደረገ ወዲህ ብዙ ገብተዋል። ቢዋይዲውም፣ የቻይናው ቮልስዋገን አይዲ 6ም የከተማችን መኪና ሆነዋል። ማደያ ሰልፍ ያሰለቸው ሰው ቢመኛቸው አይፈረድበትም። በደህንነት በኩልም የ15 ዓመቷ ቪትዝ ከአብዛኞቹ ጋር አትወዳደርም፤ ኤርባግም፣ መንሸራተት የሚቆጣጠር ሲስተምም አላቸው።

ጥያቄው የት ትሞላለች የሚለው ነው። ግቢ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ይተኛል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ገመዱን በየት ያወርደዋል? ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ደግሞ ፈጣን መሙያ ብርቅ ነው። ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና የምትገዛው ለባትሪዋ ነው። ሻጩ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው ኪሎ ሜትር ግምት ነው፤ 100 በመቶ ሞልተው ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ነድተው ስንት በመቶ እንደወረደ ማየት ይሻላል። አንድ መኪና ብቻ ያለው፣ በየበዓሉ ወደ ወሎ ወይም ጎጃም የሚሄድ ቤተሰብ ዛሬ ላይ ባይቸኩል እመርጣለሁ። ከከተማ የማይወጣ፣ ግቢም ያለው ግን ቪትዝ ከመፈለጉ በፊት ይቺን ያስላ።

እኔ ብሆን በጠባብ በጀት የምፈልገው ይህንን ነው። ከፋብሪካ በግራ መሪ የወጣች 1.3 ያሪስ፣ ካልሆነም ዕድሜዋ የተሻለ 1.4 አክሰንት ወይም ሪዮ። ቢያንስ ሁለት የሚሠራ ኤርባግ፣ ኤቢኤስ፣ ከኋላ ሦስት ቀበቶ። ቀለሟ የመጨረሻ ጉዳዬ ነው። የኮሪያዎቹን መለዋወጫ በተመለከተ ሶማሌ ተራ ላይ እንደ ቶዮታ በየሱቁ ባይገኝም አይጠፋም፤ ዋጋውን ግን ከመግዛት በፊት አንድ ከሰዓት ዞሮ መጠየቅ ነው።

ያለውን ብር በሙሉ ለሻጩ አይስጡ። ከአሥሩ አንዱን እጅ ያቆዩ። ስሙ በተዛወረ በማግስቱ የፍሬን ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፤ ጎማው ካረጀ አራቱም ይቀየራሉ። የፍሬን ሸራ ሲገዙ ርካሹን አይምረጡ፤ ጣርማበርን ሲወርዱ የሚይዘው እሱ ነው። የተረፈው ብር የልጅ ወንበር ይገዛበት፤ ሬዲዮው ይቆይ።